የመረጃችንን ዘበኛ ማን ይቀልበዋል?

(ከደብሊን፣ አየርላንድ)

ያለፈውን ገና ያሳለፍኩት አዲስ አበባ ነው። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ከጓደኛዬ ጋር ሜክሲኮ አካባቢ ስንሄድ ከአንድ ልጅ ለውዝ ገዛን። ጨርሰን የተጠቀለለበትን ወረቀት ልጥል ስል ዓይኔ አረፈበት። የአንዲት ሴት የማመልከቻ ቅጽ ፎቶ ኮፒ ነው። ስሟ እስከ አያት፣ የእናቷ ስም፣ ስልኳ፣ የቤት ቁጥሯ፣ ከታች ደግሞ ፊርማዋ። ቅጹ የየትኛው መሥሪያ ቤት እንደሆነ አልናገርም፤ ነገሩ የአንድ መሥሪያ ቤት ጥፋት ብቻ ስለማይመስለኝ። ጓደኛዬ ግን ሳቀ። «ምን ያስገርምሃል? እኛ እኮ በፈተና ወረቀት የተጠቀለለ ለውዝ ስንበላ ነው ያደግነው» አለኝ። እውነቱን ነው። ግን ያኔ ወረቀቱ ላይ የነበረው ምስጢር አንዱ ተማሪ ሒሳብ መውደቁ ነበር። እዚህኛው ላይ ያለው ግን አንድ አጭበርባሪ ደውሎ «እኔ እገሊት ነኝ» ለማለት የሚበቃው ነገር ሁሉ ነው። ደውዬ ልነግራት አሰብኩና ተውኩት። «ስልኬን ከየት አመጣኸው?» ብትለኝ ምን እላለሁ? ከለውዝ?

እዚህ ደብሊን ውስጥ እንጀራዬ ከዚሁ ጉዳይ ጋር የተያያዘ ነው። በአንድ ድርጅት ውስጥ የደንበኞች መረጃ እንዴት እንደሚያዝ ከሚከታተሉት ሠራተኞች አንዱ ነኝ። እንዲህ ያለ ወረቀት መንገድ ላይ ቢገኝብን የአውሮፓው ሕግ ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት እንድናሳውቅ የሚሰጠን 72 ሰዓት ነው። ያን ዕለት ቢሮ ውስጥ ያለውን ሩጫ ብታዩት ቤቱ የተቃጠለ ነው የሚመስላችሁ። የምንሯሯጠው ታዲያ ሕግ ስላለ ብቻ አይደለም። ያን ስልክ የሚያነሳ፣ ፋይሉን የሚከፍት፣ ካስፈለገም ቢሯችን ድረስ የሚመጣ፣ ለዚህ ሥራ ደመወዝ የሚከፈለው ሰው ስላለ ነው።

አገራችንም አሁን ሕግ አላት። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ን በ2016 ዓ.ም. አጽድቋል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን የመከበር መብት ካወጀ ከስንት ዘመን በኋላ የመጣ ቢሆንም፣ መጥቷልና ይመስገን። አስፈጻሚው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ባለሥልጣኑ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1148 ሲቋቋም ሥራው ቴሌኮሙን መቆጣጠር፣ ፈቃድ መስጠት፣ ድግግሞሽ ማከፋፈል ነበር። አሁን በዚያ ላይ የሕዝቡን የግል መረጃ መጠበቅ ተጨምሮበታል።

ስለ አዋጁ አንቀጾች የሕግ ባለሙያዎች ሲጽፉ አያለሁ፣ ጥሩ ነው። እኔ የምጠይቀው ግን አሰልቺውን ጥያቄ ነው። ገንዘቡስ? የመረጃ ጥበቃው ሥራ በዓመት ስንት ብር ይመደብለታል? ስንት መርማሪ አለው? ይህን የሚጠይቀው የትኛው የምክር ቤት ኮሚቴ ነው? ለማንስ ነው የሚመለሰው? በጀት የሚባለው ነገር ለጋዜጣ ርዕስ አይመችም፣ ይገባኛል። ነገር ግን የምኖርበት አገር ያሳለፈውን ሳይ፣ ሕጉ ሥጋ የሚለብሰው ወይም አጥንቱ ብቻ የሚቀረው እዚያ ገጽ ላይ እንደሆነ አምኛለሁ።

የአየርላንድን ታሪክ ልንገራችሁ። ፌስቡክ የአውሮፓ ማዕከሉን ደብሊን ሲተክል የአገሪቱ የመረጃ ጥበቃ ኮሚሽነር ቢሮ የነበረው ዋና ከተማው ውስጥ አልነበረም። ፖርታርሊንግተን በምትባል አነስተኛ ከተማ፣ ከሰፈር ሱቅ ጋር በአንድ ሕንፃ ነበር። የዚያን ቤት ፎቶ የአውሮፓ ጋዜጦች ደጋግመው አትመውታል፤ በመቶ ሚሊዮን የሚቆጠር ሰው መረጃ የያዙትን ኩባንያዎች የሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት ዳቦና ወተት ከሚሸጥበት ቤት ላይ! እ.ኤ.አ. በ2014 የቢሮው የዓመት በጀት ወደ 1.9 ሚሊዮን ዩሮ ብቻ ነበር። ይህ ገንዘብ አንድ ትልቅ ኩባንያ ለአንድ ክርክር ለጠበቆቹ የሚከፍለው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሕጉ አልነበረም እንዳትሉ፣ ነበር። አየርላንድ የመረጃ ጥበቃ ሕግ ያወጣችው በ1988 ነው። ዘበኛውም ነበረ። ዱላ ግን አልያዘም፣ ባትሪም አልተሰጠውም።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ተለወጠ። በግንቦት 2018 የአውሮፓ አጠቃላይ የመረጃ ጥበቃ ደንብ ሥራ ላይ ሲውል፣ ዋና መሥሪያ ቤታቸው ደብሊን የሆነ ኩባንያዎችን በመላው አውሮፓ ስም በግንባር ቀደምትነት የሚቆጣጠረው የአየርላንዱ ኮሚሽን ሆነ። በጀቱም አደገ፤ በ2018 ወደ 11.7 ሚሊዮን፣ በ2020 ወደ 16.9 ሚሊዮን፣ በ2023 ደግሞ ወደ 26.2 ሚሊዮን ዩሮ። ከ2014ቱ ጋር ሲነጻጸር ወደ 14 እጥፍ ይጠጋል።

እኔን ከቁጥሮቹ ይልቅ የሚገርመኝ ቁጥሮቹን እንዴት አወቅን የሚለው ነው። በ2019 መገባደጃ ላይ መንግሥት የቀጣዩን ዓመት በጀት ሲያወጣ፣ ኮሚሽነሯ ሄለን ዲክሰን የጠየቀችው ጭማሪ 5.9 ሚሊዮን ዩሮ ነበር፤ የተሰጣት 1.6 ሚሊዮን ነው። ሲሶውም አልሞላም። ሴትዮዋ ታዲያ «እግዜር ይስጥልን» ብላ ዝም አላለችም። ቅር መሰኘቷን በይፋ መግለጫ ተናገረች። የጠየቀችውም፣ የተሰጣትም፣ ልዩነቱም ለሁሉም ታወቀ። በኛ አገር አንድ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ «ገንዘብ ሚኒስቴር ከጠየቅኩት ሲሶውን እንኳ አልሰጠኝም» ብሎ በይፋ መግለጫ ሲያወጣ አስቡት። እኔ አስቤ አልቻልኩም።

ሌላም አለ። እስከዚያ ድረስ የኮሚሽኑ ገንዘብ የሚመጣው በፍትሕ ሚኒስቴር ጥላ ሥር ነበር። ከ2020 ጀምሮ ግን በመንግሥት በጀት ውስጥ የራሱ መደብ ተከፈተለት፤ መደብ ቁጥር 44። ይህ ማለት ለብሩ በግል ተጠያቂ የሆነው የኮሚሽኑ ኃላፊ ራሱ ነው፤ የፓርላማው የመንግሥት ሒሳብ ኮሚቴ ሲጠራው ቀርቦ የሚመልሰው እሱ ነው። «ሚኒስትሩን ጠይቁ» ብሎ ማምለጥ የለም። ሚኒስትሩም ጠባቂው ያልወደደውን ምርመራ ሲጀምር «የመኪና ነዳጅህን ከየት እንደምታመጣ አያለሁ» የሚልበት ቀዳዳ ጠበበ።

ፓርላማው ዝም ብሎ አጨብጭቦ ገንዘብ ጨመረ እንዳይመስላችሁ። በ2021 የፍትሕ ጉዳዮች ኮሚቴው ኮሚሽነሯን ጠርቶ አፋጠጣት። ዋነኛ ነቃፊዋን፣ ፌስቡክን በፍርድ ቤት ያሸነፈውን ኦስትሪያዊውን ማክስ ሽሬምስንም ሰማ። ክሱ ግልጽ ነበር፤ ገንዘቡ እየጨመረ ውሳኔው ለምን ዘገየ? በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ባወጣው ሪፖርት ኮሚቴው ኮሚሽኑ ከምክር ሰጪነት ወደ ማስፈጸም እንዲዞር አሳሰበ። ከዚያ በኋላ ቅጣቶቹ ተከታተሉ፤ በመስከረም 2021 ዋትስአፕ 225 ሚሊዮን፣ በመስከረም 2022 ኢንስታግራም 405 ሚሊዮን፣ በግንቦት 2023 ሜታ 1.2 ቢሊዮን ዩሮ። ያ ሁሉ የሆነው በኮሚቴው ቁጣ ነው አልልም፤ የአውሮፓ አቻ መሥሪያ ቤቶችም ይጎተጉቷቸው ነበር። ብዙው ቅጣትም በይግባኝ ላይ ነው። ነገር ግን ኮሚቴው በእጁ ቁጥር ባይኖረው ኖሮ በምን ይጠይቅ ነበር?

አንዳንድ ወዳጆቼ ይህን ስነግራቸው «ታዲያ ከቅጣቱ ላይ ለምን አይቀልቡትም? ከሜታው 1.2 ቢሊዮን ብቻ እኮ የ45 ዓመት በጀት ይወጣዋል» ይሉኛል። ስሌቱ ልክ ነው። ግን አባቶቻችን «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ያሉት ያለ ነገር አይደለም። ጠባቂው የሚኖረው በቅጣት ከሆነ ሀብታሙን ብቻ ያሳድዳል፤ የለውዝ ወረቀቷን ሴትዮ ጉዳይ ማን ይይዘዋል? ከሷ መሥሪያ ቤት ምን ይገኛል? አየርላንድ ውስጥ ቅጣቱ የሚገባው ለመንግሥት ግምጃ ቤት ነው፤ ለኮሚሽኑ አንዲት ሳንቲም አትደርሰውም። እንግሊዞች ደግሞ ሌላ መንገድ መርጠዋል። መረጃ የሚሰበስብ ድርጅት ሁሉ እንደ መጠኑ በየዓመቱ ክፍያ ይከፍላል፤ እስከ 2025 መጀመሪያ ድረስ ለትንሹ 40 ፓውንድ፣ ለትልቁ 2,900 ፓውንድ ነበር፣ ከዚያ ወዲህ ወደ 52 እና 3,763 ከፍ ብሏል። የክፍያውን መጠን የሚወስነው ደንብ ፓርላማ ይቀርባል። ይህኛው መንገድ ለኛም የሚታሰብ ይመስለኛል፤ ባንኩም፣ ቴሌኮሙም፣ የትራንስፖርት መተግበሪያውም እንደ አቅሙ ቢያዋጣ ማን ይጎዳል? ግን እሱም ቢሆን በምክር ቤት ፊት ካልተቆጠረ ያው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ብልህ አንባቢ «ቆይ እንጂ! ፓርላማ በጀቱን ከያዘ ያው ፖለቲከኛ አንገቱን ያዘው ማለት አይደለም ወይ?» ሊለኝ ይችላል። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ መልሱም ቀላል አይደለም። የአውሮፓ ፍርድ ቤት በጥቅምት 2012 ኦስትሪያ ላይ የሰጠው ፍርድ እዚህ ላይ ይረዳል። የኦስትሪያው የመረጃ ጥበቃ ኮሚሽን በወረቀት ላይ ነፃ ነበር፤ ከማንም ትእዛዝ አይቀበልም ይል ነበር ሕጉ። ሆኖም ጽሕፈት ቤቱ ከመራሔ መንግሥቱ ቢሮ ጋር የተዋሐደ ነበር። ሠራተኞቹ የዚያው ቢሮ ሠራተኞች ናቸው፣ የዕለት ሥራውን የሚመራው ሰው አለቃ እዚያው ነው፣ መራሔ መንግሥቱም ስለ ኮሚሽኑ ሥራ ሁሉ በማንኛውም ጊዜ የመጠየቅ መብት ነበረው። ፍርድ ቤቱ ይህ ነፃነት አይባልም አለ። በጀትን በሚመለከት ግን ጥንቃቄ የተሞላበት ነገር ነው የተናገረው፤ በጀቱ በአንድ ሚኒስቴር ሥር መመዝገቡ በራሱ ጥፋት አይደለም፣ የሰውና የዕቃ አመዳደቡ ሥራውን በነፃነት እንዳይሠራ የሚያደርገው ከሆነ ግን ጥፋት ነው። በኋላ የወጣው የአውሮፓ ደንብ ይህንኑ በአንቀጽ 52 አጸናው። መንግሥት ለጠባቂው በቂ ሰው፣ መሣሪያ፣ ቢሮና ገንዘብ የመስጠት ግዴታ አለበት፤ የሒሳብ ቁጥጥር ይደረግበታል፣ ቁጥጥሩ ግን ነፃነቱን መንካት የለበትም፤ በጀቱም ለብቻው የተለየና ለሕዝብ ይፋ የሆነ መሆን አለበት።

እንግዲህ በግልጽ አማርኛ ስናስቀምጠው፣ ፓርላማ «ብሩን የት አደረስከው? ስንት አቤቱታ ቀረበልህ? ስንቱን ዘጋህ? ለምን ዘገየህ?» ብሎ መጠየቅ ይችላል፣ መጠየቅም አለበት። «የእገሌን መሥሪያ ቤት ፋይል ለምን ከፈትክ?» ማለት ግን አይችልም። መስመሩ ቀጭን ነው። በደህናው ጊዜም ይጣሳል። ለዚህ ነው ጥያቄውም መልሱም በአደባባይ መሆን ያለበት፤ በዝግ ቤት የሚጠየቅ የበጀት ጥያቄ ሁለተኛውን ጥያቄ በጀርባው ሊያዝል ይችላል።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። የሚገርመው ነገር ለዚህ የሚሆን ጥሩ ምሳሌ ለመፈለግ ደብሊን ድረስ መምጣት አያስፈልግም ነበር። የራሳችን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 101 ላይ የፌዴራል ዋና ኦዲተር የመሥሪያ ቤቱን ዓመታዊ በጀት አዘጋጅቶ በቀጥታ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አቅርቦ ያጸድቃል ይላል። ሕግ አውጪዎቹ ለምን እንዲህ አሉ? ሚኒስቴሮችን የሚመረምር ሰው ደመወዙን ከሚኒስቴር ለምኖ እንዳይኖር ነዋ! ይኸው አመክንዮ ለመረጃ ጠባቂውም አንድ በአንድ ይሠራል። በአገራችን ትልቁ የግል መረጃ ሰብሳቢ ማን ነው? ሜታ እንዳትሉኝ። መንግሥት ነው። ገቢዎች፣ ኢሚግሬሽን፣ ቀበሌና ወረዳ፣ ጤና ጣቢያ፣ ትምህርት ቤት፣ በመንግሥት የተያዙት ባንክና ቴሌኮም። ይህን ሁሉ የሚቆጣጠረው ባለሥልጣን ራሱ የአስፈጻሚው አካል ክፍል ሆኖ፣ በጀቱም በአስፈጻሚው በኩል ተጣርቶ የሚመጣ ከሆነ፣ ዘበኛው የሚጠብቀው የቀጣሪውን ጓዳ ነው።

ከጥበቃው በፊት ደግሞ ስብስቡ እየፈጠነ ነው። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284 የወጣው በ2015 ዓ.ም. ነው። ፋይዳ የጣት አሻራ፣ የዓይንና የፊት ምስል ይወስዳል፤ ዕቅዱ 90 ሚሊዮን ሰው መመዝገብ ነው። የዓለም ባንክ ለዚሁ ለዲጂታል መታወቂያው ሥራ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 የ350 ሚሊዮን ዶላር ድጋፍ አጽድቋል። ፋይዳን እየተቃወምኩ አይደለም። አያቴ ቀበሌ መታወቂያ ለማሳደስ የቆመችበትን ሰልፍ የማውቅ ሰው እንዴት እቃወመዋለሁ? ግን ለመሰብሰቢያው ቁጥሩን በዶላር እስከ መጨረሻው ዜሮ እየነገሩን ለመጠበቂያው አንድም ቁጥር ሲነገር ካልሰማን፣ የምክር ቤት አባላት ሊቀፋቸው ይገባ ነበር። የጣት አሻራ ደግሞ እንደ ይለፍ ቃል አይቀየርም። አንዴ ከወጣ ወጣ።

«ድሃ አገር ነን፣ ከረሀብና ከጦርነት የተረፈው ብር ለዳታ ቢሮ ይውላል እንዴ?» የሚል ካለ፣ ማንም የአየርላንድን 26 ሚሊዮን አልጠየቀም። የጠየቅኩት ለመሰብሰቢያው ከሚወጣው መቶ ብር ውስጥ ለመጠበቂያው የሚውለው ስንት እንደሆነ በአንድ መስመር ተጽፎ እንዲቀመጥ ነው። መስመር መጻፍ ገንዘብ አይጠይቅም። ባለሥልጣኑ በጀት ውስጥ የራሱ ርዕስ ቢኖረው እንኳ፣ የመረጃ ጥበቃው ከድግግሞሽ ቁጥጥሩ ጋር በአንድ ቋት ውስጥ ከተቀላቀለ ኮሚቴው ምን ብሎ ይጠይቃል? የፈቃድ ሥራው ገንዘብ ያመጣል፤ አስታውሱ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ሳፋሪኮም የሚመራው ቡድን ለቴሌኮም ፈቃዱ 850 ሚሊዮን ዶላር ነበር የከፈለው። የመረጃ ጥበቃ ደግሞ ወጪና ጠላት ብቻ ነው የሚያመጣው። በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለቱ ሲጣሉ ማን እንደሚያሸንፍ ለመገመት ነቢይ መሆን አያሻም።

ከባዱ ተቃውሞ ግን ሌላ ነው፤ በዚህ ዓምድ አንባቢዎች አፍ ላይ እንዳለም አውቃለሁ። «የትኛው ፓርላማ ነው የሚቆጣጠረው? ወንበሩን አንድ ፓርቲ ሞልቶት፣ እጅ ለማውጣት የሚሰበሰብ ምክር ቤት ምን ሊጠይቅ?» ይህን በቀልድ አላልፈውም። በ2013 ዓ.ም. ምርጫ ወንበሩን ማን እንደሞላው ሁላችንም እናውቃለን። በአንድ ቀን ውይይት የሚጸድቅ በጀት አይተናል። ሆኖም አንድ ነገር ልብ ብያለሁ። የዋና ኦዲተሩ ሪፖርት በየዓመቱ ምክር ቤት ሲቀርብ፣ የመንግሥት ወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴም የተጓደለባቸውን መሥሪያ ቤቶች ኃላፊዎች ጠርቶ ሲያፋጥጥ፣ ጋዜጠኞች ይጽፋሉ፤ ያልተወራረደው ሒሳብ፣ ደንብ ያልተከተለው ግዢ በየመሥሪያ ቤቱ ስም እየተጠራ ይወጣል። ብዙ ጊዜ የሚጠየቅ የለም፣ ልክ ነው። ቢሆንም ያ ቁጥር ባይወጣ ኖሮ ዛሬ ስለ መንግሥት ብክነት የምንጽፈው ሁሉ ሐሜት ይሆን ነበር። ደካማ ምክር ቤትም ቢሆን ቁጥር ይፋ እንዲወጣ ካስገደደ፣ ቁጥሩን የሚጠቀምበት ሌላ ሰው ይገኛል፤ ጋዜጠኛው፣ የሕግ ተማሪው፣ ዋና ኦዲተሩ። ኦዲተሩ እኮ የሒሳብ ኦዲት ብቻ አይደለም የሚሠራው፤ የክዋኔ ኦዲትም አለው። «ይህ ሥራ ለታለመለት ዓላማ ውሏል ወይ?» ብሎ የመረጃ ጥበቃውን አንድ ዓመት ቢመረምረው ደስ ይለኝ ነበር።

ምክር ቤቱም ሥልጣን የለኝም ሊል አይችልም። አንቀጽ 55 የፌዴራሉን በጀት ያጸድቃል ይላል፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣናትን የመጥራትና የመጠየቅ፣ የአስፈጻሚውን አሠራር የመመርመር ሥልጣን አለው ይላል። ባለሥልጣኑን ወደ ነፃ ኮሚሽንነት ለመለወጥ አዋጅ ማሻሻል ያስፈልጋል፤ ጊዜ ይወስዳል፣ ምናልባትም ላይሆን ይችላል። ለብቻው የሚታይ የበጀት መስመር መጠየቅ ግን ለመጪው ሰኔ የሚደርስ ነገር ነው።

ለእኛ በውጭ ላለነው ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። ፓስፖርት ለማሳደስ ኤምባሲ የሰጠነው አሻራ፣ ለቢጫ ካርድ ያስገባነው የልደት ማስረጃ፣ ለዳያስፖራ ሒሳብ የላክነው የደመወዝ ደብዳቤ፣ ሁሉም አዲስ አበባ ነው ያለው። ሪያድና ቤይሩት ያሉ እህቶቻችን የፓስፖርታቸው ቅጂ፣ የሕክምና ውጤታቸው፣ የቤተሰባቸው ስልክ በስንት ኤጀንሲ መሳቢያ እንደሚዞር እነሱም አያውቁትም። አጭበርባሪ ደውሎ «ልጅሽ ታስራለች፣ ብር ላኪ» ሲል እናት የምታምነው ስሙንና ዝርዝሩን ስለሚያውቅ ነው። ከየት አገኘው ብሎ ጠይቆ የሚያውቅ ማን አለ?

ተማሪዎችና የቴክኖሎጂ ባለሙያዎች ደግሞ ሌላም ምክንያት አለን። የአውሮፓ ኩባንያ የደንበኞቹን መረጃ የሚነካ ሥራ አዲስ አበባ ላሉ ልጆች መስጠት ሲፈልግ የሕግ ክፍሉ የሚጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ ስለ ሕጉ ነው፤ ሁለተኛው ስለ ጠባቂው። የአውሮፓ ኮሚሽን አንድን አገር «በቂ ጥበቃ አላት» ለማለት ከሚመዝናቸው ነገሮች አንዱ በአንቀጽ 45 እንደተጻፈው ነፃ ተቆጣጣሪ መኖሩና በትክክል መሥራቱ ነው። መኖሩ ብቻ አይበቃም። ኬንያ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2024 ከአውሮፓ ኅብረት ጋር በዚሁ ላይ ድርድር ጀምራለች። ናይሮቢ ያለው ልጅ ነገ የሚያገኘውን ሥራ የኛው ልጅ የሚያጣው በእውቀት አንሶ ላይሆን ይችላል።

እኔ በበኩሌ ለአንድ የማውቃቸው የምክር ቤት አባል ደብዳቤ ጽፌያለሁ። አራት ጥያቄ ነው ያለው። በዚህ ዓመት ለግል ዳታ ጥበቃ ሥራ ብቻ የተመደበው ብር ስንት ነው? በዚህ ሥራ ላይ የተመደበው የሰው ኃይል ስንት ነው? ስንት አቤቱታ ቀርቦ ስንቱ ውሳኔ አገኘ? ከነዚህ ውስጥ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ላይ የቀረበው ስንት ነው? «የዳታው ነገር የኛ ኮሚቴ መሆኑን አጣርቼ እነግርሃለሁ» ብለውኛል። በጀቱ ምክር ቤት የሚገባው በግንቦት መጨረሻና በሰኔ መሐል ስለሆነ ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ እደውልላቸዋለሁ። የምታውቁት ተወካይ ያላችሁም ብትደውሉ ጥያቄዎቹ እነዚሁ ናቸው፤ የኔን ስም መጥራት አያስፈልግም።